ፊቱ ወደ ግድግዳ የዞረው ሥዕል

የሮተርዳም ወደብ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሳነሳ ወገቤን ተጎድቼ፣ ላክ የሚባለው ሰፈር ያለችው ቤታችን ሶፋ ላይ ተኝቼ ከረምኩ። የምታክመኝ ፊዚዮ "ድነሃል፤ የቀረህ መራመድ ነው" ብትለኝም እግሬን መሬት ማስነካት ፈራሁ። ብወድቅ ዳግመኛ የምነሳ አይመስለኝም ነበር።

ፊት ለፊቴ፣ ባለቤቴ ከክሪንግሎፕ፣ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫው ማለቴ ነው፣ ለፍሬሙ ስትል የገዛችው በመዳብ ተቀርጾ የታተመ የድሮ ሥዕል ተሰቅሏል። የሠርጋችንን ፎቶ ልታስገባበት ነው። እስከዚያው ግን ገላው ቆስሎ አመድ ላይ የተቀመጠ ሰውዬና ጣታቸውን የቀሰሩበት ሦስት ወዳጆቹ አብረውን ይኖሩ ነበር። ሰውዬውን አናውቀውም። ሦስቱን ግን እኔ አሳምሬ አውቃቸዋለሁ፤ እሑድ እሑድ ሙዝ ይዘው የሚጠይቁኝ የወሎ ልጆች ናቸው። "አላህ ያሽርህ" ብለው ይቀመጡና አንዱ "ብርድ ነው"፣ ሌላው "ዓይን ነው" ይላል። ሦስተኛው ያመጣውን ሙዝ ራሱ እየላጠ "አንተም ቁጣ ታበዛለህ" ይለኛል።

አንድ ቀን ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት የደሴ እናት ሊጠይቁኝ መጡ። ክርስቲያን ናቸው። ሥዕሉን ሲያዩ አማተቡ።

"ኢዮብን ሰቅላችኋል እንዴ?"

ባለቤቴ ክው አለች። እኛ ሙስሊሞች የነቢይ ሥዕል አንሰቅልም።

"ነቢዩ አዩብ ናቸው? በኛ ቤት?" ብላ አወረደችውና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው።

ይህ ደግሞ ለእማማ አልዋጥላቸው አለ። "ተይ ልጄ፣ እንዲህ አይቆምም። ለኔ ስጡኝ" ብለው ሊያነሱት ጎንበስ አሉ። ፍሬሙ ያን ያህል ባይከብድም ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ። ባለቤቴ ታግዛቸዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ እጇን አጣጥፋ እኔን ታያለች።

"አዩብ የዳኑት በእግርህ መሬቱን ምታ ተብለው ነው" አለችኝ። "የፈወሳቸው ውሃ የፈለቀው ከመቱ በኋላ ነው።"

ተናደድኩ። ግን እናቴን የሚያህሉ ሴት ሲሸከሙ ተጋድሞ ማየት ከወገብ ሕመም ይብሳል። እግሬን አወረድኩ። ወለሉ ቻለኝ።

ሥዕሉን ታቅፌ ደረጃውን ስወጣ እማማ ከኋላዬ "ቀስ፣ ልጄ፣ ቀስ" ይላሉ። እንባዬ መስታወቱ ላይ ይወርዳል፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት።

"የት ልስቀለው?" አልኳቸው፣ ቤታቸው ስንገባ።

"ዛሬ አይሰቀልም" አሉ። "ነገ መጥተህ ትሰቅልልኛለህ። ከነገ ወዲያ ደግሞ ተንጋዶ እንደሆነ መጥተህ ታይልኛለህ።"