በሚጥሚጣ ሙቀጫ የተወቀጠ ሙዝ

አክስቴ ያልቀመሰችውን ምግብ ሁሉ ትንቃለች። እኔ ደግሞ ይህን ልማዷን እንቃለሁ፤ ድምፄ ስለማይወጣ ግን አታውቅም።

አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ እሷ ቤት ስኖር የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነበር። እዚያ አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ነርስ እጇ ተሰብሮ ጀሶ ገባ። በየዓመቱ ለልጇ ልደት ኒሉፓክ ትሠራ ነበር፤ ያልበሰለ ሙዝ ተቀቅሎ ከተፈቀፈቀ ኮኮናት፣ ከስኳርና ከቅቤ ጋር የሚወቀጥ ጣፋጭ ነው። በአንድ እጅ አይወቀጥም።

«እናንተ ቤት ሙቀጫ አለ ብለሽኝ ነበር» አለችኝ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ስሳሳት ለማንም ሳትናገር ያረመችኝ እሷ ናት። እሺ አልኳት።

ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ካለ የእስያ ሱቅ አጭርና ወፍራሙን ሙዝ ገዛሁ፤ ምናልባት ባበላሸው ብዬ እጥፍ አድርጌ። ሙቀጫውንና ዘነዘናውን ሁለት ቀን በጨውና በፈላ ውኃ ፈትጌ በረንዳ ላይ አደረቅኳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት የተቀቀለውን ሙዝ ስልጥ አክስቴ መጣች።

«አንቺ ልጅ፣ ዲግሪ ይዘሽ ሙዝ ልትወቅጪ? ጥርስ ለሌለው ሰው ነው?»

«ለፊሊፒናዊቷ ነርስ ልጅ ልደት ነው።»

«ታዲያ ኬክ አይገዙም? ምስኪኖች።»

አንድም ፊሊፒናዊ ቤት ገብታ አታውቅም። የምታዝንላቸው ግን ከልቧ ነው።

ወቀጥኩ። ሙዙ እንደ ሊጥ ሲያያዝ በጣቴ ቀመስኩት። ምላሴን ለበለበኝ።

«አክስቴ፣ በሙቀጫው የወቀጥሽው ነገር አለ?»

«ትናንት፣ ሚጥሚጣ ቢጤ። ክሊን አድርጌዋለሁ እኮ።»

እሷ ዘንድ ክሊን ማድረግ ማለት በሶፍት መጥረግ ነው።

«ያቃጥላል።»

«እንዲያውም ጣዕም ያገኛል።»

እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። ያን ዝምታዬን ከአክስቴ ንቀት አብልጬ እንቀዋለሁ፤ ስኳር ብጨምርበት ማን ያውቃል ብዬ አስቤ ነበርና። የስኳሩን ዕቃ አንስቼ ከፈትኩት። ከዚያ የነርሷ ልጅ በእንግዶቿ ፊት ጎርሳ ስታስል ታየችኝ። መልሼ ከደንኩት።

የተረፈውን ሙዝ ቀቀልኩ። ሙቀጫውን ዳግም ስላላመንኩት ድስት ውስጥ በጠርሙስ ቂጥ ደቆስኩት። ክንዴ እስኪዝል ደቁሼም ሙሉ በሙሉ አልላመም።

«ያንንስ ምን ልታደርጊው ነው?» አለች አክስቴ ወደ መጀመሪያው እያየች።

«አንቺ ብይው።»

እንዲህ መልሼላት አላውቅም ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ወንበር ሳበች።

ነርሷ ከሰዓት በኋላ መጣች። በር ላይ እንደቆመች በደህናው እጇ ቆንጥራ ቀመሰች።

«ጓጉሏል» አለች። ደግማ ቆነጠረች። «ይሁን። ልጄ እኔ የሠራሁት ይመስላታል፣ በአንድ እጅ።»

ሳህኑን እስከ መኪናዋ ተሸከምኩላት።

ስመለስ ሚጥሚጣ ያለበት ኒሉፓክ ግማሹ አልቋል። አክስቴ ዓይኗ ዕንባ አቅርሯል፤ አፍንጫዋን በሶፍት ትጠርጋለች።

«መጥፎ አይደለም» አለች። «ኬክ ግን ይሻላቸው ነበር።»