ድመት የማይተኛበት ደጃፍ

ጎረቤቴ መሞታቸውን የሰማሁት ወለጋ ቆላ ውስጥ፣ ከመኪና በሚወርድ ሕዝብ መካከል ቆሜ ነው። ሌላ ዙር ሰፋሪ መጣ ሲባል፣ ቀድመን የሰፈርነው ሁሉ መቆፈሪያችንን ጥለን ወጣን። አንዱ እናቱን፣ አንዷ ወንድሟን፣ ሌላው የአገሩን ወሬ ፍለጋ ነው። እኔ የምፈልገው ለጦር ሜዳ የተወሰደውን ልጄን ያየ ሰው ነበር። አንድ ጺሙ የሸበተ ሰውዬ የብልባላ ሰው መሆኑን በአነጋገሩ ለየሁትና ጠጋ አልሁ።

ልጄን አያውቀውም። አገሬን ላሊበላን ግን ያውቃል።

«የት ላይ ነበር ቤትሽ?» አለኝ።

«ከገበያው በላይ፣ ከቀዩ ድንጋይ ቤቶች። ጨው ከሚቸረችሩት እስላም አጠገብ።»

«ከድመታሟ?»

«አዎ፣ ከእሳቸው።»

«ሞታለችኮ። ለነሱ ነፍስ ይማር ይባል እንደሁ እንጃ እንጂ፣ ነፍስ ይማር።»

«ምን አገኛቸው?»

«ምን ያገኛታል፤ ሰውን ሁሉ ያገኘው ነዋ። ከደጃፍ ተቀምጣ ነው አሉ ያገኟት። ደጃፉ ደግሞ የራሷ አይደለም፣ የጎረቤት ነው። ዱላዋ በእጇ፣ ሰፌድ ካጠገቧ።»

«ሰፌዱ ባዶ ነበር? ወይስ ስንዴ ነበረበት?»

ሰውየው ጨርቋን እንደጣለች እብድ አየኝ። «እኔ እንጃ እቴ። እኔም ከሰው ነው የሰማሁት። ሰው ሲሞት ሰፌድ ማን ያያል?» አለና ወደ ልጆቹ ዞረ።

ያ ደጃፍ የእኔ ደጃፍ ነው። ሰፌዱም የእኔ ነው።

ልጄን የወሰዱት ከቅዳሜ ገበያ ነው። ጫማ ሊገዛ እንደወረደ ቀረ። ጦርነቱ ወደ ሰሜን ነው ከመባል በቀር የት እንዳለ የነገረን አልነበረም። እኔም ለእመቤታችን ተሳልሁ፤ «ልጄን በሕይወት እስክታመጭልኝ፣ ወር በገባ ቁጥር ለቀንሽ መገበሪያ ከእጄ አይታጣም» አልኋት። መገበሪያ ማለት ለቍርባን ኅብስት የሚሆነው ስንዴ ነው። የተሰበረ፣ የነቀዘ፣ እንክርዳድ ያለበት አይገባም። አንድ በአንድ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ተቋጥሮ ወደ ደብሩ ይወሰዳል።

ችግሩ ፀሐዩ ላይ ነበር። ቤታችን ከገደል ጥግ የተሠራ ስለሆነ ግቢው ጥላ ነው። ፀሐይ ደህና አድርጋ የምታርፈው ደጃፉ ላይ፣ ከቀዩ ሰፊ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። ድንጋዩ ጧት የጠጣውን ሙቀት እስከ ማታ ይዞ ይውላል። ይህን እኔ ሳላውቀው ድመቶቹ ያውቁት ነበር። የደጋ ብርድ ሰውንም እንስሳንም አንድ ያደርጋል፤ እኔና የጎረቤቴ ድመቶች የምንጣላው በአንዲት ቁራጭ ፀሐይ ነው።

አንድ ቀን ውሃ ቀድቼ ስመለስ አንዷ ግራጫ ድመት ከሰፌዱ መካከል፣ ከታጠበው ስንዴ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ስንዴው እንደ ወፍ ጎጆ ጎድጉዶላታል። አላባረርኋትም፣ እንስራዬን አውርጄ ቁጭ አልሁ። ልጄ ያን ቀን አንድ ነገር የሆነ መሰለኝ። ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ።

«አባ፣ ድመት የተኛችበት ስንዴ መገበሪያ ይሆናል?»

«ከታጠበ ምን ይላል ልጄ» አሉኝ። «ከድመቷ ይልቅ የእናንተ የሴቶቹ ሐሜት ነው የማይታጠበው።»

ሳቁ። እኔ ግን ሆዴ አልቀበል አለና ስንዴውን ለዶሮ በትኜ እንደገና ለቀምሁ።

ባሌ መላው ቀላል ነው አለ። «ከገበሬ ማኅበሩ የአይጥ መርዝ ይሰጣል። በጨጓራ ለውሰሽ አንዴ መጣል ነው።»

«ለልጄ ነፍስ እየለመንሁ ነፍስ ላጠፋ?»

«የድመት ነፍስ እኮ ነው።»

«የነፍስ ሰጭው እጅ አንድ ነው» አልሁት። ከዚያ በኋላ የመርዝ ነገር አላነሣም።

ከድመቶቹ ባለቤት ዘንድ ሄድሁ። እትዬ እላቸው ነበር። በዕድሜ እናቴን ይሆናሉ። ከመንገድ ዳር ከተማ ባላቸውን ተከትለው ደጋ የወጡ ናቸው። ባላቸው ሲሞቱባቸው ወገን ሳይኖራቸው እዚያው ቀሩ። ሥጋችን አይገናኝም እንጂ ጨውና እሳት ስንዋዋስ ነው የኖርነው።

«እትዬ፣ ድመቶችዎን ይያዙልኝ።»

«ድመት ይያዛል እንዴ? አንችስ ባልሽን ይዘሽው ታውቂያለሽ?»

«ስንዴዬን አረከሱብኝ።»

«አረከሱ? ተይ አንች። ድመት እኛ ዘንድ ንጹሕ ናት፤ ጠጥታ ከተወችው ውሃ ለሶላት እንታጠብበታለን። እኔ ነኝ እንጂ ቅር ሊለኝ የሚገባ። ከናንተ ቤት የክርስቲያን ሥጋ በልታ እየመጣች ከጭኔ ላይ ትተኛለች፣ መቼ ከሰስኋችሁ?»

ሳቄ መጣ፣ ግን እንባዬ ቀደመው። «ለመገበሪያ ነው እትዬ።»

ፈገግታቸው ጠፋ። «የልጁ ነው?»

«የልጁ ነው።»

ተነሡ። ዱላቸውን ይዘው ከደጃፌ መጡና እንደምንም ተንበርክከው ድንጋዩን አሸተቱት። አንዲት ባልቴት ደጃፌን ስታሸት ያየ ጎረቤት ሁሉ ከበር ወጥቶ ቆመ።

«ይኸው፣ እዚህ ሸንታለች። ድመት ቤቷን የምታውቀው በዓይኗ አይደለም፣ በአፍንጫዋ ነው። ሽታዋን ሳታጠፊ ብታባርሪያት፣ አንችም ስታባርሪ እሷም ስትመጣ ትኖራላችሁ።»

በአመድ ውሃ እሹት አሉ፣ አሸነው። ከቆላ ከሚመጡ ነጋዴዎች ያገኙትን የሎሚ ልጣጭ ከድንጋዩ ዳር ዳር አስቀመጡ። ከአጥራቸው ሥር ጤና አዳም ነቅለው ከደጄ ግራና ቀኝ ተከሉልኝ፤ ለካስ እኛ የምንወደውን ያን ሽታ ድመት አትችለውም። እኔ ቀድሜ የቀጋ እሾህ ጎዝጉዤ ነበር። እሱን አንድ በአንድ ለቅመው ጣሉት። «እግሯን ብትወጊያት የምታነክሰው እኔ ቤት ነው» አሉኝ። ብትመጣ ውሃ በእጄ እንድረጭባት ፈቀዱ፣ ያውም ጀርባዋን እንጂ ፊቷን አይደለም።

ዋናው ግን መጨረሻ ላይ ያደረጉት ነው። ባሌን ጠርተው አንድ ሰፊ ድንጋይ አስወርደው በራሳቸው በር፣ የጧት ፀሐይ በሚያገኘው በኩል አስቀመጡ፤ አሮጌ ጆንያ አነጠፉበት፤ ጧት ጧት ፍርፋሪ እዚያ ይጥሉ ጀመር። «እንግዳን ከቤትሽ ስታስወጭ የሚሄድበትን አሳይው» አሉኝ። ጥቂት ሰነበትንና ድመቶቹ ደጃፌን ረሱት። ስንዴዬን አስጥቼ ቅዳሴ ደርሼ እመለስ ነበር። የሰፈሩ ሰው «ድመት የማይተኛበት ደጃፍ» እያለ አቅጣጫ ሲያሳይበት ሰምቻለሁ።

መገበሪያውን ይዤ በወጣሁ ቁጥር እትዬ ከበራቸው ሆነው «አብሽሪ!» ይሉኛል። የወሎ እስላም ሁሉ የሚለው ነው፤ እኔም አይዞሽ ማለት ነው ብዬ ነው የማውቀው። አንድ ቀን ግን «አይዞሽ ብቻ አይደለም» አሉኝ። «መልካም ወሬ ይመጣልሻል ማለት ነው።» ከዚያ ወዲህ ቃሉን በሰማሁ ቁጥር ወደ መንገዱ አይ ነበር።

ወሬ አልመጣም። የመጣው ድርቅ ነው። በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ተከተለው። ሰው በሩን በእንጨት እየወተፈ እርዳታ አለ ወደተባለበት ወረደ። ድመት ግን ከሰው ጋር አይሰደድም። ባዶ ከቀሩት ቤቶች ሁሉ ወጥተው ፍርፋሪ ይጣልበት ወደነበረው ወደ እትዬ ድንጋይ መጡ። ፍርፋሪ የለም። የሎሚ ልጣጭ የለም፣ ነጋዴው ቀርቷል። ጤና አዳሙ ደርቆ ቆሟል፤ ከቆመው ላይ እየቀነጠስሁ በሰፌዱ ዙሪያ አደርገው ነበር። እነዚያ እንግዶቹ ድመቶች ደካሞች ስለሆኑ ውሃ ብትረጭባቸውም አይሸሹም፤ ዝም ብለው ያዩሻል። እትዬ በዱላቸው ጫፍ በቀስታ ገፋ እያደረጉ «በይ ሂጂ እህቴ፣ እኔም የለኝ» ይሏቸዋል።

የስንዴዬ ዘር አልቆ ሰፌድ የማይሸፍን ቀረኝ። ንስሐ አባቴ «ልጄ፣ ጾመኛ ሆድ ስለት አይጠየቅም፤ ብይው» አሉኝ። እንቢ አልሁ። አጥቤ ላስጣውና ለእመቤታችን ቀን ዋዜማ መጥተው እንዲወስዱልኝ ለመንኋቸው። እሽ አሉኝ።

ስንዴው ገና እርጥብ ሆኖ ደጃፉ ላይ እንዳለ ነው ለሰፈራ ሰው የሚለቅሙ ታጣቂዎች የመጡት። ውሃና በሬ ወዳለበት አገር ትሄዳላችሁ፣ መኪናው ቆሟል፣ ውጡ አሉ። ባሌ «ልጃችን ቢመጣስ?» ብሎ ጠየቃቸው፤ ወደ መኪናው ገፉት። እትዬም ዱላቸውን ይዘው ወጡ፤ አንዱ ታጣቂ «አሮጊት አንወስድም፣ ይመለሱ» አላቸው።

«እትዬ፣ ስንዴው» አልሁ። ሌላ የምለው አልመጣልኝም። «አባ ለዋዜማው ይመጣሉ። እስከዚያ ድመቶቹን…»

«ድመቶቹን አውቃቸዋለሁ። እጄ ይንካው ወይስ?»

«ሰፌዱን ይያዙት። ስንዴውን አይንኩት።»

«ሰፌዱን እይዛለሁ፣ ስንዴውን አልነካም» አሉ፤ እንደ መሐላ ነው ያሉት። ከዚያ እጄን ያዙ። «ልጁ ቢመጣ ምን ልበለው? ወዴት ሄዱ ልበለው?»

«አላውቅም እትዬ። መኖራችንን ብቻ ይንገሩት።»

ከደጃፌ ድንጋይ ላይ፣ ከሰፌዱ አጠገብ ተቀመጡ። ከቁልቁለቱ ዞር ብዬ ሳይ ዱላቸውን አንሥተው «አብሽሪ» አሉ። አፋቸውን ነው ያየሁት እንጂ ድምፃቸው አልደረሰኝም።

መኪናው ላይ ስወጣ መስቀላቸውን በነጠላ ጠቅልለው ከጥግ የተቀመጡ ሽማግሌ አየሁ። ንስሐ አባቴ ናቸው። እሳቸውን ቀድመው ጭነዋቸዋል። ተያየን። ስለ ስንዴው እሳቸውም አላነሡ፣ እኔም አላነሣሁ። አባ ወለጋን ሳያዩ መንገድ ላይ አረፉ። ስንዴው እዚያ እንዳለ የሚያውቅ ሌላ ቄስ አልነበረም።

ነገሩን በኋላ ሳስበው እንዲህ ነው የሚታየኝ። ዋዜማው አለፈ፣ አባ አልመጡም። እትዬ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። ስንዴው እንዳይነቅዝ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ሰፌዱን ወደ ድንጋዩ እያወጡ፣ ማታ እያስገቡ፣ የራሳቸውን ድመቶችና የስደተኞቹን ድመቶች እየገፉ የሚመጣውን ቄስ ጠበቁ። ወይ ቄስ፣ ወይ ልጄን። ረሃቡም እዚያው አገኛቸው። ስንዴ ካጠገባቸው ነው፤ «አይንኩት» ብያቸዋለሁ።

ባሌን ወባ ወሰደው። ከላሊበላ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ያመጣሁት የጤና አዳም ፍሬ እዚህ ሙቀት ውስጥ ይበቅልና ሁለት ቅጠል ሳያወጣ ይጠወልጋል። ሦስቴም አራቴም ሞክሬ ተውሁት። እዚህ ደጄ ላይ ድመት ይተኛል፣ አላባርረውም፤ የማሰጣው ስንዴ የለኝም። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት፣ ከዚህ ከሰፈራው ዛፍ ሥር ነው። የቆጠርሁትም ልጄ አንድ ቀን የሚያነበው ነገር ልጽፍ ብዬ ነበር። ልጄ የሚያውቀው አድራሻ ግን ያንን ደጃፍ ብቻ ነው። እዚያ ተቀምጦ «እናትህ አለች» የሚለው ሰው ደግሞ ዱላውን እንደያዘ ሞቷል። ከብልባላው ሰው አፍ የሰማሁት የጎረቤቴን ሞት ብቻ አልነበረም።

እኔ ጸሎት አላቆምሁም፤ የምጸልየውን ግን አላውቀውም። ስንዴው ቤተ መቅደስ ገብቶ ከሆነ ስለቴ ደርሶልኛል። እትዬ በልተውት ከሆነ ጥቂት ቀን ውለው አድረውበታል። ሁለቱን ባንድ ላይ መለመን አልቻልሁም። አንዱን በለመንሁ ቁጥር ሁለተኛው ይቀየመኛል።

ስለዚህ በዚያ ወቅት እዚያ የነበራችሁ፣ ከገበያው በላይ ከቀዩ ድንጋይ ቤቶች ያለፋችሁ ሁሉ፣ ስለ እመብርሃን ብላችሁ፣ እስላሞቹም ስለ አላህ ብላችሁ ንገሩኝ። እሳቸውን ያነሣችሁ ሰዎች፣ ሰፌዱ ባዶ ነበር ወይስ ነበረበት? ባዶ ከነበረ አትደብቁኝ፤ በልተውት ከሆነ በራሳቸው ቃል ሐላል ይሁንላቸው እላለሁ። ስንዴው ከነበረስ የት አደረሳችሁት? እንዴት እንደቀበራችኋቸውም ንገሩኝ፤ በወጋቸው የሚያሰግድባቸው ሰው ተገኘ?

ከእሳቸው በኋላም አንድ ቁመተ ረጅም ወታደር ወይም አካሉ የጎደለ ሰው መጥቶ፣ ከተወተፈው በር ፊት ከድንጋዩ ላይ ቆሞ የቤቱን ሰዎች ጠይቆ እንደሆነ፣ ምን ብላችሁ እንደመለሳችሁት ንገሩኝ።