ባልክ አልነበረም

ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ የባጃጅ ወንበር የሚያለብስ ሰውዬ አለ። ባለፈው ሳምንት በበሩ ሳልፍ አዲስ ቆዳ ላይ ማስቲሽ እየቀባ ነበር። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ቀኝ እጄ ጓንት የሚጠልቅለት ይመስል በራሱ ጊዜ ተከፈተ። ያን ሽታ መጀመሪያ ያወቅሁት ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው።

የስፖርት መምህራችን አንድ ክረምት ስልጠና ሄዶ ሲመለስ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ ይዞ መጣ። አንድ ዱላ፣ ጥቂት ኳሶችና የቆዳ ጓንቶች። ጓንቶቹ ሁሉ በግራ እጅ የሚጠለቁ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ በቀኙ ይወረውራል ተብሎ የተሰፉ። እኔ ግን ግራኝ ነኝ። እናቴ በግራዬ ማንኪያ ባነሳሁ ቁጥር ጣቶቼን ትመታኝ ነበር። አንደኛ ክፍል ያስተማሩኝ መምህርትም እርሳሱን ከግራዬ እየነጠቁ ቀኜ ላይ ያስጨብጡኝ ነበር። የስፖርት መምህሩ አንድ ቀን ስወረውር ቆሞ አየኝና ሄደ። በሳምንቱ ጫማ ሰፊ ዘንድ ያሰፋውን፣ በቀኝ እጅ የሚጠለቅ ጓንት አመጣልኝ። ማስቲሹ ገና አልደረቀም ነበር።

"እጅሽን አትቀይሪ፤ ጓንቱን ቀይረነዋል" አለኝ።

የምንጫወተው ማሽላ የታጨደበት መሬት ላይ ነበር። ቤዝ የሚባሉት የሯጮች ማረፊያዎች አፈር የሞላንባቸው ማዳበሪያዎች ነበሩ። ወርዋሪዋ መሃል ትቆማለች፤ የተቃራኒው ቡድን ልጆች ኳሱን እየመቱ ከቤዝ ወደ ቤዝ ይሮጣሉ፣ ዞራ የተመለሰች ነጥብ ታገኛለች። ሯጭ ከቤዟ ርቃ ከተገኘች ወርዋሪዋ ኳሱን ወደዚያ ልካ ልታስይዛትና ከጨዋታ ልታስወጣት ትችላለች። ማታለል ግን ክልክል ነው። ለመወርወር ጀምሮ ማቆም፣ ወደ አንዱ ረግጦ ወደ ሌላው መጣል "ባልክ" ይባላል። መምህሩ ቃሉን መጀመሪያ ሲነግረን "ባልክ ምን?" ብለን ተሳሳቅን። ባልክ ከተባለ ሯጮቹ ሁሉ አንድ አንድ ቤዝ በነጻ ያልፋሉ።

ግራኝ ወርዋሪ ስትቆም ፊቷ ወደ አንደኛው ቤዝ ነው። ቀኝ እግሯን ስታነሳ ወደ መቺዋ ትወርውር ወደ ቤዙ አይታወቅም። እግሯ የረገጠው በምትወረውርበት አቅጣጫ ከሆነ ግን ጥፋት የለባትም። የቡድናችን ወርዋሪ እኔ ስለነበርኩ መምህሩ ይህን ደብተሬ ላይ አስጽፎኛል። ዛሬም በቃሌ እለዋለሁ።

ወልድያ ለሚደረገው ውድድር የሚያልፈውን የሚለይ አንድ ጨዋታ ነበረን። ተጋጣሚዎቻችን ከሩቅ በጭነት መኪና ዘፈን እየዘፈኑ መጡ። ዳኛው አብሯቸው የመጣ መምህር ነበር። ከዞብል ተራራ በኩል የሚነፍሰው ንፋስ ይጋረፋል፤ አቧራው ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ገና በጨዋታው መጀመሪያ አንዷን ሯጭ አንደኛው ቤዝ ላይ አስያዝኳት። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

"ባልክ። ይቺ ልጅ ታታልላለች። እንደ ሰው ወርውሪ።"

እንደ ሰው ያላት ቃል ውስጤ ቀረች። በእረፍት ሰዓት መምህሬ ዘንድ ሄድኩ። ውሃ ሰጠኝና እስክጠጣ ጠበቀ።

"እግርሽ የት ነበር?"

"ወደ ቤዙ ነው ቲቸር።"

"እንግዲያው ልክ ነሽ። እሱ ግን ደግሞ ይነፋብሻል። መተው ከፈለግሽ ተይው፤ እኔ ግን ተይ አልልሽም።"

እስከ መጨረሻው ዙር እኩል ለእኩል ደረስን። ሁለት አስወጥተናል፤ ሦስተኛዋን ብናስወጣ ተራቸው ያበቃል። አንድ ሯጭ አንደኛው ቤዝ ላይ፣ አንዷ ሦስተኛው ላይ ናት። አንደኛው ቤዝ ላይ ያለችው ከማዳበሪያው እየራቀች እየራቀች ሄደች። ዳኛው እያየኝ ነበር። እሱም ምን እንደማደርግ የሚያውቅ መሰለኝ። ቀኝ እግሬን አነሳሁ፣ ወደ ቤዙ ረገጥኩ፣ ኳሱን በግራዬ ላክሁት። ጓደኛችን ኳሱን ይዛ ሯጯን ስትነካት ልጅቷ ከማዳበሪያው ሁለት እርምጃ ርቃ ነበር።

ፊሽካው ተነፋ፤ ባልክ ተባለ። ሦስተኛው ቤዝ ላይ የነበረችው ሯጭ በነጻ ገብታ ነጥብ አገኘች። ተራችን ደርሶ ብንመታም ማካካስ አልቻልንም፤ በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።

ሁሉም ሲበተን ዳኛው ዘንድ ሄድኩ።

"ይምጡና ዱካዬን ይዩት።"

የእነሱ ወርዋሪ ያልረገጠችው ቦታ ላይ፣ አቧራው ውስጥ የሸራ ጫማዬ ዱካ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጣቱ ወደ አንደኛው ቤዝ። ዳኛው ዝቅ ብሎ አየው። ከዚያ በጫማው አሻሸና አጠፋው።

"ቢያጠፉትም አይተውታል" አልኩት።

የተሳደብኩ ያህል ተቆጠረ። በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠሩኝ። "ይቅርታ ብለሽ ጽፈሽ አምጪ፤ አለዚያ ይህ ጨዋታ በዚህ ትምህርት ቤት ያበቃል" አሉኝ። መምህሬ ጎኔ ቆሞ "ሕጉን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ካስፈለገ እኔ ልጻፍ" አላቸው። እሳቸው የፈለጉት የእኔን ነበር። ከቡድኑ ልጆች ግማሾቹ ጻፊ ብለው ለመኑኝ። ከመቺዋ ጀርባ ሆና ኳሴን የምትይዘው ተቀባያችን፣ በአንድ ዴስክ የምንቀመጥ ልጅ፣ "ለአንቺ ኩራት ስንል ሁላችንም እንቅር?" ብላ አለቀሰች። ብቻ ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ ብሎ እጄ አልጽፍ አለ።

ጨዋታው ቀረ። ሜዳው ላይ ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል። ተቀባያችን ትዳር ይዛ ጎብዬ ትኖራለች፤ ገበያ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ ስለዚያ ግን አንስተን አናውቅም።

መምህሩ ሰኔ ላይ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። የሚሄድበት ጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። ረዳቱ ፍራሹን ሚኒባሱ ላይ እያሰረ ነበር። በእኔ ምክንያት ብዬ ልጀምር ስል ቀደመኝ።

"ያንን ይቅርታ እስካሁን አልጻፍሽውም አይደል?"

"አልጻፍኩም።"

"ደግ አደረግሽ" አለኝ። መስኮቱ ዘንድ ገብቶ ተቀመጠ፣ ከዚያ በመስኮቱ አውጥቶ የዘረጋልኝ ግራ እጁን ነበር። በሕይወቴ ግራዬን የጨበጠኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።