ዝም ያልነው እሺ ብለን አይደለም

ከቡራዩ የተነሳሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጉዳዬ ግልጽ ነበር። በአምቦ መንገድ ዳር የተደረደርን ባለሱቆችና ከፊታችን መሬት ላይ የሚሸጡ ሴቶች ከዚያ ተነስተን፣ ገባ ብሎ ሊሠራ ወደታሰበ ባለፎቅ የገበያ ማዕከል እንድንዛወር የከተማው ፕላን ያዛል ተብሎ ለሐሙስ ስብሰባ ተጠርተናል። ጎረቤቶቼ "ሱሉልታና ሰበታ ይሄ ነገር ቀድሞ ደርሶባቸዋል፤ ሄደሽ እይልን" አሉኝ። ለምን እኔን? አፍ አላት ብለው ነዋ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ "ሩቂያ፣ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም" እያለ ቢመክረኝ ቢመክረኝ አልሆነለትም። ብትን ጨርቅና ብርድ ልብስ የምሸጥበት ሱቅም የእሱ ነበር።

ከሁላችን ይልቅ የምታሳዝነኝ ጫልቱ ናት። ከሱቄ ደጃፍ ድንችና ጎመን ዘርግታ ልጆቿን ታሳድጋለች። ባለሱቅ ቢነሳ ቢነሳ አንድ ክፍል አያጣም፤ የእሷ ስም ግን የትም የለም። ገበያው ከተነሳ እንጀራዋ አብሮ ይነሳል። "ሐሙስ ተናገሪ እንጂ" ብላት "ተይኝ እባክሽ፣ ዝም አይነቅዝም" አለችኝ።

አልፈረድኩባትም። ያ ሰሞን የማስተር ፕላኑ ሰሞን ነው። የአዲስ አበባን ፕላን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር ያገናኛል በተባለው ነገር ተማሪው ሰልፍ ይወጣል፣ መንገድ በድንጋይ ይዘጋል፣ ሰው ይታሰራል፣ ይሞታል። ስለ አንዲት ገበያ የተናገረ ሰው እንኳ "የማን ወገን ነህ?" መባሉ አይቀርለትም። የሚኒባሳችን ሾፌር ገና ሳንነሳ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከፊት መስታወቱ ሥር ሰካ። መንገድ የዘጉ ወጣቶች ቅጠሉን ሲያዩ ያሳልፋሉ። "የሰሞኑ ቦሎ ይሄ ነው" አለን።

ሱሉልታ

በአስኮና በአዲሱ ገበያ በኩል አድርገን፣ ዳገቱን ወጥተን ሱሉልታ ስንወርድ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሜዳው በድርቆሽ ክምር ተሞልቷል። የአክስቴ ልጅ ጀሚላ እዚያ ጫማ ትሸጣለች። እርጎ በዳቦ አብልታኝ ስታበቃ "ነይ ጉዳችንን ላሳይሽ" ብላ ይዛኝ ሄደች።

ጉዳቸው ባለ ሦስት ፎቅ የገበያ ሕንጻ ነው። መስታወቱ ያብለጨልጫል፣ ደረጃው ሰፊ ነው፣ የላይኞቹ ሱቆች ግን ሁሉም ተቆልፈዋል። ነጋዴው ከሕንጻው ደጅ ሸራ ወጥሮ ጭቃ ላይ ይሸጣል። ጀሚላም የተሰጣትን ክፍል ቆልፋ ሸራው ሥር ተቀምጣለች።

"ለምን ላይ አትሠሩም?" አልኳት።

"ማን ይወጣል? ገበሬው ቅቤውን ሽጦ፣ አህያውን አጠገቡ አቁሞ ነው የሚገዛው። አህያውን ደጅ ጥሎ ጫማ ሊለካ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል?"

"ሳይሠራ ይሄን አልነገራችኋቸውም?"

"ጠይቀውን ነበር። አንተ ተናገር አንቺ ተናገሪ ስንባባል ስብሰባው አለቀ።"

ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ የእኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ትዝ አለኝና ንዴቴን ዋጥኩት።

ሰበታ

ከሱሉልታ ሰበታ ለመድረስ አዲስ አበባን ማቋረጥ ግድ ነው። ጎረቤታሞች ነን እንላለን እንጂ መገናኛችን በእሷ ሆድ ውስጥ ነው። አየር ጤናን አልፈን ዓለም ገና ስንደርስ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ጠበቀን። የዚህኛውም ሚኒባስ ሾፌር ቅጠል ሰክቶ ነበርና አሳለፉን።

ኦቦ ቶሎሳ ጤፍ እያመጡ ለአባቴ ይሸጡለት የነበሩ የድሮ ወዳጁ ናቸው። "አከም ጅርቱ" ብዬ ስገባ ግንባሬን ሳሙኝ። ሚስታቸው የክርስቲያን ሥጋ እንደማልበላ ስለምታውቅ ሥጋውን ትታ ሽሮ በቅቤ ሠርታልኛለች። ከበላን በኋላ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከብቶቻቸው ይግጡበት የነበረው መስክ በቆርቆሮ ታጥሯል። ለመኖሪያ ሕንጻ ነው፣ ግን እስካሁን የበቀለበት አረም ብቻ ነው።

"ሳይነግሯችሁ ነው የወሰዱት?" አልኳቸው።

"ነግረውናል። ሰብስበው ፕላኑን አሳዩን። ከዚያ 'ተቃውሞ አለ?' አሉ። በእኛ ደንብ ከባድ ነገር የቀረበለት ሽማግሌ በዚያው ቀን አይመልስም። ነገሩ ያድራል። ሰው ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ፣ ከጎረቤቱ ይማከራል። እኛ ልናሳድረው ዝም አልን። እነሱ 'ሕዝቡ ተስማምቷል' ብለው ጻፉ። መልሳችንን ይዘን ስንመለስ ችካሉ ተተክሏል።"

"ያን ጊዜ አልተናገራችሁም?"

"ተናገርን እንጂ። ከችካል በኋላ የሚናገር ሰው ግን አመጸኛ ነው የሚባለው።" እጃቸውን ቆርቆሮው ላይ አሳረፉ። "ልጄ፣ ሐሙስ ዝም የምትሉ ከሆነ፣ ዝምታችሁ ምን እንደሆነ ተናግራችሁ ዝም በሉ።"

ቡራዩ

ብዙ ሳይመሽብኝ ቤቴ ገባሁ። ጫልቱ ድንቿን እየሰበሰበች ነበር። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት፤ ጆንያዋን አስራ ሄደች።

ሐሙስ አዳራሹ ጢም አለ። መድረክ ላይ የነበረው ባለሙያ ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፣ የሕንጻውን ሥዕል በደንብ አስረዳን። ከዚያ "ተቃውሞ ያለው?" አለ። ማንም ትንፍሽ አላለም። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይሰማል። ወጣቱ እስክሪብቶውን አንስቶ "እንግዲህ ተሰብሳቢው ተስማም..." ሲል ተነሳሁ።

"ወንድሜ፣ ዝም ያልነው እሺ ብለን አይደለም። ፈርተን ዝም ያልን አለን፣ እያሰብን ዝም ያልንም አለን። እሺ ብለዋል ብለህ እንዳትጽፍ" አልኩት።

ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ትንሽ አየኝና እስክሪብቶውን ከድኖ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "እሺ፣ እጠብቃለሁ" አለ።

ጠበቀ። ከኋላ ወንበር ተንቀሳቀሰ። ጫልቱ ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በኦሮምኛ ጀመረችና በአማርኛ ጨረሰች።

"ድንች ተሸክሜ ፎቅ አልወጣም። የሚገዛኝም አይወጣም። ምድር ቤቱን መሬት ላይ ለምንሸጥ አድርጉልን።"

ወጣቱ እስክሪብቶውን መልሶ አነሳ። "ስምሽን ማን ልበል?"

በዚያ ሰሞን በስብሰባ ላይ ስም መስጠት ምን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። እኔ ራሴ ተይው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። "ጫልቱ በዳሳ" አለች። "ጻፈው።"