«ደምሽ ሙሉ ነው» አልኳት

ንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬያለሁ! ስለ ሐሜቴ፣ ስለ ገደፍኩት ጾም፣ ስለ ቁጣዬ ተናዝዤ፣ ይህችን ግን እየዘለልኩ ተነስቻለሁ። ባሌ አያውቅም። እናቴም ሳታውቅ ሞተች። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው ስለምወዳችሁ አይደለም፤ ስለማታውቁኝ ነው። ደግሞ ከንፈራችሁን እንዳትመጥጡልኝ፤ አልወድም።

እኔ የቡራዩ ልጅ ነኝ። ሌሊሴ የመጣችው ከአርሲ ነው። የተገናኘነው ሱሉልታ፣ ሯጭ እንሆናለን ብለን ነው። አንድ ቡድን ውስጥ እንሮጥ ነበር፤ አዴ ወርቄ የሚባሉ ባልቴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን አንድ ፍራሽ ላይ እንተኛለን። ጠዋት ቀድማኝ ተነስታ የእኔንም ጫማ ጭቃውን አራግፋ ትጠብቀኛለች። እንዴት እንደጠላኋት! ደግ ሆና ደግሞ ፈጣን መሆኗ ነው ያንገበገበኝ። ቀርፋፋ ብትሆን እኮ እወዳት ነበር። በልምምድ ሁልጊዜ የማየው ጀርባዋን ነው። ዳገቱ ላይ ዞር ትልና «ነዪ እንጂ!» ትለኛለች። ለማበረታታት ነው አሉ። እኔን ግን ሆዴን ታሳርረው ነበር።

አንድ ቀን ኮቹ ሰበሰበንና፣ ማናጀሩ ከሴቶቹ አንዷን ውጭ አገር ለውድድር ሊወስድ ነው፣ እሁድ ኮረኮንቹ ላይ ተወዳድራችሁ የቀደመች ትሄዳለች አለን። በዚያው ሰሞን ሌሊሴን ድካም ያዛት። ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራት፣ ስትቀመጥ ልቧ ይመታባት ጀመር። «አይረንሽን ተመርመሪ» አላት ኮቹ። ሯጭ ሁሉ ያውቀዋል፤ ደም ውስጥ ያለው አይረን ከወረደ እግር አለ፣ ጉልበት የለም። ክሊኒክ ሄዳ ደም ሰጠች። ስልኳ ተሰብሮ ስለነበር የእኔን ቁጥር ሰጠቻቸው።

ደወሉ። «አይረኗ በጣም ወርዷል፤ ልምምዱን አሁኑኑ ታቁም፣ መጥታ መድኃኒት ትጀምር» አለኝ ሰውየው። «እሺ ወንድሜ፣ እነግራታለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። እንዴት ያለ ጨዋ አንደበት ነበረኝ!

ግቢው ውስጥ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ የሁለታችንንም ቱታ ታጥባለች። «እነሱ ናቸው? ምን አሉ?» አለችኝ። «ደምሽ ሙሉ ነው አሉ። እንደ በሬ ነሽ» አልኳት። ሳቀች። በአረፋ እጇ አቀፈችኝና «ተመስገን! እኔ እኮ ፈርቼ ነበር» አለች። ለኮቹም ሄዳ ደህና ነኝ አለችው። «እንግዲያው ስንፍና ነዋ!» አላት እሱ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

እሁድ ሮጥን። ዳገቱ ላይ ደረስኩባት። ፊቷ አመድ መስሏል፣ አፏን ከፍታ አየር ትለቅማለች። አለፍኳት። አልፌም አልተውኳት፤ ዞር ብዬ «ነዪ እንጂ!» አልኳት። አዎ፣ ብያታለሁ። በዚህ አፌ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ለምን ዋሸሁ? ውጭ አገር ለመሄድ ነው ትሉ ይሆናል። ተሳስታችኋል። እውነቱን ብነግራት ኖሮ ያን እሁድ አትሮጥም ነበር። መድኃኒቷን እየዋጠች ታርፋለች፣ እኔም ከእሷ ቀጥዬ ስለነበርኩ ያለ ተቀናቃኝ እሄዳለሁ። ሳልዋሽም መሄዴ አይቀርም ነበር! ግን ያ አልበቃኝም። በሽታዋ እንዲጥላት አልፈለግኩም፤ እኔ፣ ሰው እያየ፣ እኔ ልጥላት ፈለግኩ። ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ብታገኙልኝ አልቀበላችሁም።

ሄድኩ። ከመጨረሻዎቹ ጋር ጨረስኩ። ስመለስ ልናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም። ሰነፍ የተባለችው ሌሊሴ ስድቡን ለማስተባበል እጥፍ ስትለማመድ ነበር የቆየችው። ባሕር ዛፉ መሃል ወድቃ ተሸክመን አወጣናት። ጸጉሯ በማበጠሪያ እየተነቀለ ይወጣል። «ክሊኒክ ልመለስ እንዴ?» ስትለኝ «ደምሽ ሙሉ ነው ብለውሻል፤ የሐኪም ነገር አይደለም» አልኳት።

የሐኪም ካልሆነ የምን ነው ታዲያ? በእኛ ዘንድ መልሱ ቅርብ ነው፤ ዓይን ነው፣ መተት ነው። አዴ ወርቄ ስንደክም እያዩ በየጊዜው ወተት ያመጡልን ነበር። አንድ ቀን ሌሊሴ ብርጭቆውን እያየች «አዴ ዓይናቸው ከባድ ነው አይደል?» አለችኝ። አይ ማለት ስችል «እኔም ፈርቻቸው ነበር» አልኩ። ወተቱ ተደፋ። ወሬው ከግቢው ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰ። ዕቃችንን ስናወጣ አሮጊቷ በር ላይ ቆመው «ልጆቼ፣ ምን አጠፋሁ?» አሉን። ሌሊሴ አንገቷን ደፋች። እኔ ፍራሹን ተሸክሜ አለፍኳቸው። ከዚያ ወዲህ ቤታቸውን የሚከራይ ጠፋ፤ ጎረቤት እንኳ ልጁን ከደጃቸው ያርቅ ጀመር። ይህንንም ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ኮቹ ሌሊሴን ከቡድኑ አስወጣት። ጸበል ለጸበል ዞረች፣ ኋላም ሩጫውን ትታ አርሲ ገባች። ነፍሷ ተረፈ፣ ዛሬ የልጆች እናት ናት። እግሯን ግን እኔ ቀማኋት፤ ከእኔ ይልቅ ለእሷ የተሰጠውን እግር።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ክፋቴ ልጅ አልነበረም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፣ እናንተ ምን አገባችሁ? ይቅር ማለት የምትችለው አንዲት ሰው ናት፤ እሷም ምን እንዳደረግኳት አታውቅም።

በየእንቁጣጣሹ ትደውልልኛለች። ዘንድሮ ስትደውል ጨክኜ «ሌሊሴ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ» አልኳት። «ምን ሆንሽ? አመመሽ እንዴ?» አለች ደንግጣ። ድንጋጤዋን ስሰማ ወኔዬ ከዳኝ፤ «ኧረ ደህና ነኝ፣ እንኳን አደረሰሽ ልልሽ ነው» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ድምጿ ለስለስ አለና «ያኔ ሁሉ ሲሸሸኝ ያልከዳሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ለልጆቼም እነግራቸዋለሁ። ዋቅኒ ሲ ሃ ኤቢሱ» ብላ በኦሮምኛ መረቀችኝ፤ እግዜር ይባርክሽ ማለቷ ነው።

እኔም «አሜን» አልኩ።