የሰጠሁትን ካሴት ፍለጋ በባሕር ኃይል ከተሞች

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1989 ዓ.ም.

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

የሰፈራችን ዋና መንገድ፣ ጆርጂያ አቬኑ፣ ገና አልነቃም። የዶናት ቤቱ መብራት በርቷል፤ አንድ ሰው ከመኪና ጋዜጣ እያወረደ ነው። እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ። አምስት ቀን ሙሉ ያንኑ መንገድ ስመላለስ እከርምና የቅዳሜ ጠዋት እንቅልፌን ለማንም አልሰጥም። ዛሬ ግን ባለቤቴ አስቴር ሳትነሳ አሮጌዋን ቶዮታ አስነስቼ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ስለ ጃፓን የማውቀው ይህቺን መኪና ብቻ ነው።

የወጣሁበትን ጉዳይ ልናገር። ልጄ ብሌን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የጃፓን ካርቱን ትወዳለች። ካርቱን ስለው ትቆጣለች፤ “አኒሜ” ነው የሚባለው። ከሁሉ አብልጣ የምትወደው አንድ የቪዲዮ ካሴት ነበራት፤ ሽፋኑ ላይ በእጅ የተሳለ ግራጫ መርከብ ያለበት። የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ፣ ጋሽ ተካና እትዬ የሺ ከጀርመንታውን ሊጠይቁን መጡ። ጋሽ ተካ አሜሪካን ስረግጥ የመጀመሪያውን አፓርታማ ያገኙልኝ ሰው ናቸው። አምስት ዓመት የሆናት የልጅ ልጃቸው ሶስና ካሴቱን አቅፋ አልለቅም አለች። ሊቀሟት ሲሞክሩ እሪ አለች። የእንግዳ ልጅ በቤቴ ሲያለቅስ አንጀቴ አይችልም። “ውሰጂው የእኔ እናት፣ ያንቺ ነው!” አልኩ።

ብሌን በሩ ጋ ቆማ ነበር። “ኦኬ” አለችና ክፍሏ ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ ከእኔ ጋር “የስ” እና “ኖ” ብቻ ነው የምትነጋገረው።

አስቴር መላውን ነግራኛለች። “ጀርመንታውን ሃያ አምስት ደቂቃ ናት፤ ደውልና መልሱልኝ በላቸው።” ወይ አስቴር! የሰጡትን መልሱልኝ ማለት ምን ዓይነት ነውር ነው? እኔስ ዓይኔን በጨው አጥቤ የጋሽ ተካን በር አላንኳኳም። ካሴት የተባለ ነገር በገንዘብ ይገዛል ብዬ ወሰንኩ። አናፖሊስ ውስጥ የጃፓን ካሴት የሚሸጥ አንድ የቀድሞ መርከበኛ አለ ብሎ የሥራ ባልደረባዬ ነግሮኛል። እንግዲህ ወደዚያው።

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ አናፖሊስ

ቤልትዌይ የሚባለውን የቀለበት መንገድ ይዤ ግሪንቤልትን ካለፍኩ በኋላ ሩት ፊፍቲ በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ታጠፍኩ። የመንገዱ ዳርና ዳር ዛፎች ቀልተዋል። መንገድ ላይ ማንንም አለማሳፈሬ ግራ አጋባኝ፤ ሁለት ጊዜ ያለ ምክንያት ፌርማታ ፍለጋ ቀኜን አይቻለሁ።

አናፖሊስ የባሕር ኃይል ከተማ ናት። ጡብ የተነጠፈበት ጠባብ መንገድ፣ በየበሩ መልሕቅ፣ ወደቡ ላይ የጀልባ ምሰሶ ብዛት። የሚሸጠው ምግብ ሁሉ ሸርጣን ነው። ሸርጣን ሾርባ፣ ሸርጣን ሳንድዊች፣ በቲሸርት ላይ ሳይቀር ሸርጣን። እኔ እሱን በአፌ አላዞርም፤ እንቁላል በዳቦ በልቼ ሱቁ እስኪከፈት የባሕር ኃይሉን አካዳሚ ልጎበኝ ገባሁ።

ካዴቶቹ ልጆች ናቸው። ጫማቸው ፊት ያሳያል፤ ሲራመዱ ማዕዘን እንኳን ጠብቀው ነው የሚታጠፉት። ከትልቁ መኖሪያቸው ፊት ለፊት ደወል ተሰቅሏል። ቅርጹ ከቤተ ክርስቲያን ደወል የተለየ ነው፤ አፉ እምብዛም አይሰፋም፣ ምላስም የለውም። አንዱን ካዴት “ይሄ የምን ደወል ነው?” አልኩት። “የጃፓን ነው ሰር፤ ከኦኪናዋ” ብሎኝ እየተጣደፈ ሄደ። እኔም የጃፓን ነገር ስፈልግ ጃፓን ራሷ መንገዴ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ሦስት ሰዓት፣ የሚስተር ዋልተር ሱቅ

ሱቁ የጓዳ ያህል ነው። የመርከበኛ ባርኔጣ፣ የመርከብ ሞዴል፣ አሮጌ ካርታ፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ካሴት። ባለቤቱ ሚስተር ዋልተር ሰባ ዓመት የሚሆናቸው፣ ክንዳቸው ላይ የተነቀሱት መልሕቅ ደብዝዞ ድመት የመሰለባቸው ሰው ናቸው። ስለ መርከቡ ሽፋን ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

“በኮረብታ ላይ ደረጃ የበዛበት ወደብ? ሴት ልጅ የመርከብ አዛዥ የሆነችበት?”

“ታሪኩን አላውቅም” አልኩ። አፈርኩ። ቤቴ ውስጥ ስንት ጊዜ ተከፍቷል፤ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አላየሁትም።

“እንግዲያው ልንገርህ” አሉና በርጩማ ሰጡኝ። ዮኮሱካ በሚባል የጃፓን ባሕር ኃይል ከተማ አራት ዓመት ኖረዋል። ግራጫ መርከቦች ከኮረብታ ሥር ተደርድረው ይታያሉ አሉ። ቤቶቹ ከላይ ናቸው፤ አሮጊቶች አስቤዛ ተሸክመው መቶ ደረጃ ይወጣሉ። ዓርብ ዓርብ መርከበኛው ሁሉ በሩዝ ላይ ካሪ የሚባል ወጥ ይበላል፤ ባሕር ላይ ቀን ይጠፋልና ካሪ ሲሸት ዓርብ መሆኑን ያውቃል። ካርቱኑን የሠሩት ሰዎች ያንን ከተማ ደረጃ በደረጃ ነው የሳሉት። ሚስተር ዋልተርም ካሴቱን ከፍተው የተከራዩትን ቤት መስኮት አይተውበታል።

“ይኑርዎት እንጂ፣ የጠየቁኝን እከፍላለሁ” አልኩ።

“አንድ ብቻ ነበረኝ። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ላሉ ልጆች ሸጥኩት። ከምስሉ ሥር የእንግሊዝኛ ትርጉም ጽፈውበታል፤ ከነሱ ሌላ ማንም ጋ አታገኘውም።”

ልወጣ ስል የደወሉን ነገር አነሳሁ። ሚስተር ዋልተር ሳቁ። “ያ እንኳ ቅጂ ነው። ዋናውን ኦኪናዋ ላይ ለአሜሪካ የባሕር ኃይል አዛዥ በስጦታ ሰጥተውት ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ እዚህ ቆየ። በኋላ መልሱልን አሉ፤ ተመለሰላቸው።”

“በስጦታ የሰጡትን?”

“አዎ።”

“አላፈሩም?”

“ደወላቸው ነዋ!” አሉኝ፣ ጥያቄው እንዳልገባቸው ሁሉ። አመስግኛቸው ወጣሁ። እስከ አሌክሳንድሪያ ድረስ ከዚያ ደወል ጋር በሆዴ ስከራከር ነበር። መንግሥትና መንግሥት ሌላ ነው፣ እኔና ጋሽ ተካ ሌላ ነን እያልኩ።

ስድስት ሰዓት፣ አሌክሳንድሪያ

ዊልሰን ድልድይ ላይ መኪናው ሁሉ እንደ ወትሮው ቆሟል፤ አርባ ደቂቃ ተገትሬ ነው የተሻገርኩት። ኪንግ ስትሪት ሲያልቅ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ድሮ የባሕር ኃይሉ ባሕር ውስጥ የሚተኮስ ቶርፔዶ ይሠራበት የነበረ ፋብሪካ አለ። አሁን የሠዓሊዎች ቤት ሆኗል። መሬቱ ላይ አረንጓዴ የተቀባ አንድ ቶርፔዶ ለመታሰቢያ ተቀምጧል። በዙሪያው ሸክላ የሚሠሩ፣ ብርጭቆ የሚቀቡ፣ ብር የሚያነጥሩ። መርከብ መስበሪያ ሲሠራበት በነበረ አዳራሽ አንዲት ሴትዮ የአበባ ማስቀመጫ ስታደርቅ ሳይ ደስ አለኝ፤ የጦር ዕቃ ሁሉ መጨረሻው እንዲህ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ።

ሚስተር ዋልተር አድራሻውን የጻፉልኝ ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ነው። ሊንዳ የምትባል፣ ጣቷ ሁሉ ቀለም የሆነ ወጣት ሠዓሊ በሩን ከፈተችልኝ። ግድግዳው ትልልቅ ዓይን ባላቸው ልጆች ሥዕል ተሸፍኗል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶች እየተሰበሰቡ አኒሜ ያያሉ፣ ሥዕል ይማራሉ አለችኝ።

የመጣሁበትን ልናገር አፌን ስከፍት ዓይኔ አንድ ሥዕል ላይ አረፈ። ወደብ ነው። ግራጫ መርከቦች፣ ወደ ኮረብታው የሚወጣ ደረጃ። በደረጃው አጠገብ ደግሞ አንድ አውቶቡስ ዳገቱን ይወጣል፤ ግንባሩ ላይ የእኔ አውቶቡስ ቁጥር ተጽፏል። ከታች በአማርኛ “ብሌን” ይላል።

አስቴር ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅቷን በሜትሮ ባቡር ሥዕል ክላስ እንደምትልካት ነግራኝ ነበር። የት ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

“የብሌን አባት ነኝ” አልኩ።

“ውይ! ተሻላት? ጠዋት ደውላ አሞኛል ብላናለች።”

ብሌን አላመማትም። ማታ እንጀራዋን በልታ ነው የተኛችው።

ሊንዳ ቀጠለች። “ካሴቱን ዛሬ ልታመጣልን ነበር። ሳምንት አዳራሽ ተከራይተን ለሰው እናሳየዋለን፤ ጽሑፉን ለማስገባት አሥር ልጆች አንድ ዓመት ሠርተዋል። ዋናው ካሴት ምድር ቤት ውኃ ገብቶበት ተበላሽቷል። የቀረን እሷ ጋ ያለው ብቻ ነው። ለማንም አናውስም፤ ከተማውን አይታ እንድትስል ብለን ለሷ ሰጠናት። እኛ መሀል በጣም ጠንቃቃዋ እሷ ናት።” ቆም አለችና “ካሴቱ ደህና ነው አይደል?” አለችኝ።

“ደህና ነው” አልኩ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። መኪና ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳላዞር ቁጭ አልኩ። ልጄ የሰው አደራ ይዛ ነበር። እኔ አደራውን ላልቅስ ብሎ ለተነሳ ሕፃን ሰጠሁባት። እሷ ደግሞ “አባቴ ነው የሰጠብኝ” ከማለት አሞኛል ማለትን መረጠች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔን ሳታሳጣ ቆየች። በጣም አዘንኩ። ለጋሽ ተካ ፊት ስጨነቅ የልጄ ፊት ትዝ አላለኝም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ጀርመንታውን

ቱ ሰቨንቲ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዤ ወደ ሰሜን ወጣሁ። ሮክቪል ላይ ለመመለስ አሰብኩ፤ ጌዘርስበርግ ላይም አሰብኩ። ጀርመንታውን አንድ ዓይነት ቤቶች የበዙባት ናት፤ ሁለት ጊዜ የሰው በር ልደውል ነበር።

“እንዴ! ምነው ሳትደውል? ደኅና ናችሁ?” አሉ ጋሽ ተካ፣ ሰንደል ጫማቸውን እንዳጠለቁ። እትዬ የሺ ምግብ ሊያቀርቡ ጓዳ ገቡ። የምጠይቀውን ልጀምር ስል ጋሽ ተካ አስቀደሙኝ።

“በደህና ቀን መጣህ። የሶስናን ወንድም ክርስትና በሥራ አላየኸውም አይደል? ቪዲዮው ደርሷል። ቁጭ በል፣ እየው።”

ካሴቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሱ። ሽፋኑ ላይ ግራጫ መርከብ አለ።

 ቴሌቪዥኑ ላይ ቄሱ ታዩ፣ ከዚያ ሕፃኑ፣ ከዚያ የክርስትና አባቱ፣ ከዚያ ድፎ ዳቦ። ሃያ ደቂቃ። ጋሽ ተካ እያንዳንዱን እንግዳ በስሙ ይነግሩኛል፤ እኔ በየደቂቃው የጠፋውን እቆጥራለሁ። በመጨረሻ እትዬ የሺ እልል ሲሉ ምስሉ ተቆራረጠና መርከቦች መጡ። ኮረብታ፣ ደረጃ፣ አንዲት ነጭ ባርኔጣ ያደረገች ልጅ።

“ይሄ የልጆቹ ነገር ነው” ብለው ሊያጠፉ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

“ጋሽ ተካ፣ ነውር ልሠራ ነው የመጣሁት፤ ይቅር ይበሉኝ። ካሴቱን መልሱልኝ።”

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲሰሙ ቆዩና የክርስትናው ዋና ቅጂ ካሜራው ላይ እንዳለ ነገሩኝ። ካሴቱን አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት፤ እጃቸውን ግን ወዲያው አላነሱም።

“የልጅቷ መሆኑን ታውቅ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“ታዲያ ለምን ሰጠኸን?”

“እንግዶች ነበራችኋ ጋሼ።”

“እኛ እኮ ለሶስና ከረሜላ ገዝተን ዝም እናሰኛት ነበር” አሉ። አልተቆጡም፤ የምር ገርሟቸው ነው። እትዬ የሺ ምግቡን ይዘው ብቅ አሉ። ሳልበላ አልለቀቁኝም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ብሌን ሳሎን የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ካሴቱን ደብተሯ ላይ አስቀመጥኩት። አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ውኃ እንደጠማው ሰው ቶሎ ቶሎ ነው የተናገርኩት፤ አናፖሊስን፣ ሊንዳን፣ ውሸቴን፣ ጀርመንታውንን።

“ሃያ ደቂቃ ጠፍቷል” አልኩ። “መጀመሪያው። ክርስትና ተቀርጾበታል።”

“ዘ ቢጊኒንግ?” ዓይኗ እንባ ሞላ። “ባባ፣ ካፒቴን የምትሆነው እዚያ ጋ እኮ ነው።”

“ሳምንት አብሬሽ እሄዳለሁ። ልጆቹ ሁሉ ፊት ቆሜ፣ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ እሷ አታውቅም እላለሁ። ለሊንዳም እንደዋሸኋት እነግራታለሁ።”

“ዴይ ዊል ቢ ሶ ማድ።”

“ይቆጡኝ።”

ደብተሯን ዘጋች። ከዚያ ካሴቱን ማጫወቻው ውስጥ ከተተችና ሶፋው ላይ ጥግ ይዛ ቦታ ለቀቀችልኝ። ክርስትናውን ከዳር እስከ ዳር አየነው። እትዬ የሺ እልል ሲሉ ሳቅ አፈናት። መርከቦቹ ሲመጡ የጠፋውን ሃያ ደቂቃ በቃሏ ነገረችኝ፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ልጅቱ እንዴት አዛዥ እንደሆነች፣ ማን እንዳላመናት።

“ባባ” አለችኝ በመሀል፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። “ከእንግዲህ የእኔን ነገር ለሰው ስትሰጥ መጀመሪያ እኔን ጠይቀኝ።”

በአባቴ ቤት ልጅ እንዲህ ተናግሮ አያውቅም፤ ቢናገርም የሚሰማው አያገኝም ነበር።

“እሺ” አልኳት።