አንድ ስም፣ ሁለት በሽታ

ዓለምፀሐይ አማርኛ ሲበላሽ አትወድም። እዚህ ስዊድን፣ ሪንከቢ አደባባይ በጤና መረጃ ጠረጴዛችን አብረን ስንቆም፣ እኔ «ቮርድሴንትራል ይሂዱ» ስል «ጤና ጣቢያ በል» ብላ በሰው ፊት ታርመኛለች። አሥራ አንድ ዓመት ቻልኳት። ደብዳቤ ለማስተርጎም የሚመጡ ሽማግሌዎች ግን እሷን ይመርጣሉ፤ እውነቱን ለመናገር፣ አልተሳሳቱም።

ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ ዕድሜያቸውን በልብስ አጠባ ሥራ ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ስዊድንኛ እምብዛም የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ባለፈው መስከረም ከሆስፒታል የተላከላቸውን ደብዳቤ ይዘው መጡ። ደብዳቤው የሳንባ «ካንሰር» ተጠርጥሯል ይላል። ይሄ ደግሞ ለዓለምፀሐይ የፈረንጅ ቃል ነው፤ አማርኛው ነቀርሳ ነው ባይ ናት። የሳንባ ነቀርሳ ስለተጠረጠረ ቶሎ ሄደው ይመርመሩ አለቻቸው። አመስግነው ሄዱ። እኔም አጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ምንም አልመሰለኝም።

በመጋቢት ልጃቸው ደወለችልን። አባቷ ወድቀው ሆስፒታል ገብተዋል፤ ካንሰሩ ጉበታቸው ደርሷል፤ እሳቸው ግን አፋቸውን በፎጣ ሸፍነው ማንንም አያስጠጉም። የእሷ አማርኛ ለማስረዳት አልበቃም።

ስንደርስ ከሩቅ በእጃቸው ከለከሉን። ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩን። ሱዳን ስደተኛ ሳሉ የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ፣ ይዟቸው ያውቃል። ያኔ የጠጡበትን ብርጭቆ የሚነካ ሰው አልነበረም። ያው በሽታ የተመለሰ መስሏቸው፣ ወሬው እንዳይዛመት ቀጠሮውን ሰረዙ። ሰባት ዓመት የሆናትን የልጃቸውን ልጅ ሳሌምንም እንዳያስይዟት፣ አካላ ሰፈር ካለው ቤታቸው እንዳትገባ ስድስት ወር ሙሉ በሩን ዘጉባት። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እያልን ስንሰብክ የከረምነው እኛ ነን። የሸሸጉት ግን እኛው የሰጠናቸውን በሽታ ነው። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ዓለምፀሐይ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ያንን የፈረንጅ ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ካንሰር ነው፣ ጋሼ። ቲቢ አይደለም። አጥርቼ ሳልነግርዎት ቀርቼ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ይቆጡናል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጡን በወደድኩ።

«ይኼኛው ሰው ላይ አይጋባም?»

«አይጋባም።»

ፎጣውን ከአፋቸው አወረዱ።

«ሳሌም በሩን ስትደበድብ» አሉ፣ «ከኋላው ቆሜ እሰማት ነበር።»